ቃል በጎረቤቱ ሲታወቅ

ተማሪዎች፣ «የጎንደር ከንቲባ»፣ «የአዳማ ከንቲባ» የሚሉትን ሐረጎች ተመልከቱ። ቀጥሎም «የትሬንቶ ከንቲባ» የሚል ብታነቡ፣ ትሬንቶ በየትኛው አገር እንዳለች ባታውቁ እንኳ ከተማ መሆኗን ወዲያው ትረዳላችሁ። ይህን ያስረዳችሁ መዝገበ ቃላት ሳይሆን «ከንቲባ» የተባለው ባለዘርፍ ነው።

በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ቶም ሚቼል የሚመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ኮምፒዩተርን በዚሁ መንገድ ማስተማር ጀመሩ። ስሙንም ኔል አሉት። ከተማ፣ ኩባንያ፣ ስፖርተኛ የሚሉትን የመሳሰሉ የነገር መደቦችን ከነገሩት በኋላ ለእያንዳንዱ መደብ ከ10 እስከ 15 ምሳሌ ሰጡት። ኔል በኢንተርኔት የተከማቸውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሌት ተቀን ያነብ ነበር። የሚያውቃቸው ስሞች በምን ዓይነት ሐረግ እንደሚገቡ ያጠናል፤ በዚያው ሐረግ ሌላ ስም ሲያገኝ ያንንም ከመደቡ ይጨምራል፤ አዲሱ ስም ደግሞ በተራው ሌላ ሐረግ ያስገኝለታል። በ67 ቀናት ውስጥ 242,453 አዳዲስ ዕውቀቶችን ሰበሰበ፤ ትክክል ናቸው ተብለው የተገመቱት ግን ከመቶ 74 ያህሉ ነበሩ።

የቀሩትስ ምን ነካቸው? በእንግሊዝኛ «ኩኪ» ብስኩት ነው፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የመረጃ ቁራጭም በዚሁ ስም ይጠራል። ኔል ይህን ሁለተኛውን ኩኪ ከዳቦና ከኬክ ጋር መደበው። «የኢንተርኔት ኩኪዎቼን ሰረዝሁ» የሚል አንብቦ ስለነበር፣ «ፋይሎቼን ሰረዝሁ» የሚል ሲያገኝ ፋይልንም ከምድጃ የወጣ ምግብ ነው አለ! የተማረውን ለሚቀጥለው ትምህርት መሠረት ስለሚያደርግ አንዱ ስሕተት ሌላውን እየወለደ ሄደ፤ በመጨረሻም ሰው ገብቶ ማረም ግድ ሆነ።

እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር አማርኛ ቢያነብስ? «የቀድሞው ከንቲባ» የሚለውን አይቶ «ቀድሞው» የሚባል ከተማ ማግኘቱ አይቀርም። ከዚህ የሚከብደው ግን «ይህ ዓሣ ይበላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። በግሡ ውስጥ «በ» እና «ላ» ላልተው ከተነበቡ ዓሣው በላተኛ ነው፤ ከጠበቁ ደግሞ ለሰው የሚሆን ምግብ ነው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያሳይ፣ ጎበዝ አንባቢም ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ይላል። ጸሐፊው «ይህ ዓሣ ትናንሽ ዓሦችን ይበላል» ቢል ኖሮ ግን ተሳቢው «ን» ጥርጣሬውን ባስወገደው ነበር።

መልመጃ፦ «አለ»፣ «ገና» እና «ዋና» የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስገቡ፤ ቃሉ በአንደኛው ላልቶ፣ በሁለተኛው ጠብቆ ይነበብ። ዓረፍተ ነገሮቹን ሳታነቡለት ለጓደኛችሁ ስጡ። ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ የትኛው ጎረቤት ቃል እንደ መራው ይንገራችሁ፤ ከተሳሳተ ግን ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉ።