እንሶስላና ኩቴክስ፦ ስለ ጥፍር ማቅለም አጭር ጥናት

ስለ ጥፍር ቀለም በተማሪዎች መጽሔት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን የተናቀ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በየመኝታ ቤታችንና በየምግብ አዳራሻችን ስለዚሁ ቀለም የሚደረገው ክርክር ቀላል አይደለም። አንደኛው ወገን ጥፍሯን የቀባችውን ተማሪ «ፈረንጅ ልትመስል ነው» እያለ ይነቅፋታል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንሶስላ ሞቃ ከአገሯ የተመለሰችውን ልጅ «ይች ገና አልሠለጠነችም» እያለ ይሥቅባታል። ሁለቱም ስለ ቀለሙ ምንም ሳይመረምሩ በልጅቱ ላይ ይፈርዳሉ። ከሁሉ የሚያስገርመውም አንዲቱ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ፍርድ ልትቀበል መቻሏ ነው፤ በኅዳር ስለ ኩቴክሷ፣ በየካቲት ስለ እንሶስላዋ።

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ኬሚስትሪን በደጁ አልፈን እንጂ ቤቱ ገብተን አናውቀውም። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ለመመርመር የላቦራቶሪ ቁልፍ መያዝ አያስፈልግም። አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም፣ ጥቂት ሰምና አንድ ማስመሪያ ካለ ሥራው ይጀመራል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ

ለምሳሌ የምንወስደው ወረታንና የፎገራን ሜዳ ነው፤ ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች ስላሉ ነገሩን ከቅርብ እናውቀዋለን። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልበት ከተማ ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ሜዳው እስከ ጣና ይዘረጋል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ይሆናል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ በሜዳው ላይ ይተኛሉ። አገሩ ዱሮ የሚጠራው በፎገራ ከብት ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን በሩዝም ይጠራል።

ሩዝ የሚታረመው በእጅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እናቶችና እኅቶች ውሃ በተኛበት ማሳ ጎንበስ ብለው አረም ሲነቅሉ ይውላሉ። እንዲህ ባለው ሥራ ጥፍር ይለሰልሳል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ በሥሩ ያለው ቆዳም ይቆስላል። እንግዲህ በዚያ አገር ጥፍር ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያም ነው። ሴቲቱ እጇን የምታስጌጠው እጇ ከሥራ ባረፈበት ጊዜ ነው፤ አዝመራው ገብቶ የሠርግ ወር ጥር ሲደርስ ወይም ፋሲካ ሲመጣ። ስለዚህ የተጌጠ እጅ ሥራ ፈት እጅ ነው ብሎ መናገር ስሕተት ነው፤ ሠርቶ ያረፈ እጅ ነውና።

2ኛ፤ ጥፍር ምንድን ነው?

ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ጸጉርና የላም ቀንድም ከዚሁ ነገር የተሠሩ ናቸው። በዐይናችን የምናየው ክፍል ሕይወት የለውም፤ ስንቆርጠው የማያመንም ስለዚህ ነው። ሕይወት ያለው ሥሩ ከቆዳ በታች ተሸፍኖ ይኖራል፤ አዲሱ ጥፍር እዚያ እየተሠራ አሮጌውን ወደ ፊት ይገፋዋል። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስም ወደ 6 ወር ይፈጅበታል። የእግር ጥፍር ግን ዘገምተኛ ስለ ሆነ ከ12 እስከ 18 ወር ይቆያል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። «ጥፍር ይተነፍሳል፤ ቀለም ከተቀባ ይታፈናል» እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም። ሥሩ አየርና ምግብ የሚያገኘው ከደም እንጂ ከውጭ አይደለም። ቀለም ጥፍርን የሚጎዳ ከሆነ በሌላ መንገድ ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናየዋለን።

3ኛ፤ እንሶስላ

እንሶስላ ጥላና እርጥበት የሚወድ፣ በደጋ አገር በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ የሚበቅል ተክል ነው። ሲመቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ አበባው ነጭና ትልቅ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ሥሩም እንደ ድንች ያበጠ ነው። ውሃ የሚተኛበት ገላጣ ሜዳ ለእርሱ አይስማማውም፤ የሜዳ ሰው ሊያለማው ቢፈልግ ጥላ ያለበት ጓሮ መፈለግ ይገባዋል። የፈረንሳይ የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ስለ አቢሲኒያ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ ብሎ ሰይሞታል። የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ትዕግሥት የለሽ» ማለት ነው፤ የዚህ ወገን ተክሎች የዘር ከረጢት ሲበስል በጣት ቢነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናልና። ሁለተኛው «የማቅለሚያ» ማለት ነው። እንግዲህ ሊቁ ለስሙ የመረጠው የአገራችን ሴቶች የሚሠሩበትን ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በእጅና በእግር ጥፍር እንዲሁም በመዳፍ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም በቅጠል ወይም በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ሲፈታ ቀይ ወይም ወደ ጥቁር ያደላ ቀይ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ እንደ ቋንቋ ተማሪዎች አንድ ቃል ልናስተውል ይገባናል። አማርኛችን እንሶስላን «ተቀባች» አይልም፤ «ሞቀች» ይላል እንጂ። ኩል ትኳላለች፤ ቅቤ ትቀባለች፤ እንሶስላ ግን ትሞቃለች። እንዲህ ያለው ቀለም ሙቀት ሲያገኝ ይበልጥ እንደሚደምቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ ግሡ ራሱ የአሠራሩን ምክር በውስጡ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን።

ቀለሙ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሒናን ማየት ይጠቅማል። በሐረርና በሌሎችም አገሮች ሴቶች የሚሞቁት ሒና ላውሶን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም ከኬራቲን ጋር ተጣምሮ ይያዛል እንጂ በላዩ ላይ አይቀመጥም። ላውሶን በእንሶስላ ዘመድ በባልሳምም ውስጥ ተገኝቷል። ሩዝ ወደ ፎገራ ሲገባ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ረድተው ነበር፤ በዚያችው በኮሪያ ምድር ልጃገረዶች የባልሳምን አበባ ከአሉም ጋር ወቅጠው፣ ጥፍራቸው ላይ በቅጠል አስረው ያድራሉ። ቀለሙ የመጀመሪያው በረዶ እስኪወርድ ከቆየ የመጀመሪያው ፍቅር ይሠምራል ይላሉ። በእርሻው አንድ ሰብል የተካፈሉት ሁለቱ አገሮች ሳይመካከሩ በጥፍርም አንድ ዓይነት ብልኀት ማግኘታቸው ያስደንቃል።

4ኛ፤ ኩቴክስ

በከተማችን ማንኛውም የጠርሙስ የጥፍር ቀለም «ኩቴክስ» ይባላል። ይህ የአንድ የአሜሪካ ንግድ ስም ነው፤ በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጥፍር ሥር ቆዳ ማለስለሻ ይዞ ገበያ ወጣ፤ በዚያው ዘመንም ፈሳሽ የጥፍር ቀለም አቀረበ። ሬቭሎን የተባለው ደግሞ በ1932 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ተቋቋመ።

የቀለሙ ዋና ነገር ናይትሮሴሉሎስ ነው፤ ይኸውም ጥጥን ከመሰለ የዕፀዋት ጭረት በናይትሪክ አሲድ የሚሠራ ነው። የዱሮ ሲኒማ ፊልምና የዱሮ የመኪና ቀለም የሚሠሩትም ከዚሁ ነበር። ይህ ነገር ኤቲል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት በሚባሉ ፈሳሾች ይሟሟል፤ ስንቀባ ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል፤ የሚቀረውም በጥፍሩ ላይ የተዘረጋ ስስ ልባስ ነው። ሽታው የሚሰማንም በሚተነው ፈሳሽ ምክንያት ነው።

የሁለቱ ቀለሞች ልዩነት እዚህ ላይ ይገለጣል፤ እንሶስላ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ኩቴክስ በላይ ይቀመጣል። ይህ ልዩነት የወሬ ብቻ አይደለም። ሙስሊም እኅቶቻችን ለሶላት ሲታጠቡ ውሃው ጥፍሩን መንካት ስላለበት ኩቴክሱን ያስለቅቃሉ፤ ሒናን ግን አያስለቅቁም፣ ውሃን አይከለክልምና። በሆስፒታልም ከቀዶ ሕክምና በፊት ቀለሙን አስለቅቁ ይባላል፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ ብርሃን በጥፍር በኩል ስለሚያልፍ ነው። እንሶስላ የሞቀችም ሴት፣ ቀለሙ ቶሎ የማይለቅ ስለ ሆነ፣ ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር ይበጃታል።

5ኛ፤ በቤት የሚደረጉ ሙከራዎች

ሀ) የአሴቶን ሙከራ። አንዱን ጥፍር በእንሶስላ፣ ሌላውን በኩቴክስ አቅልሞ ሁለቱንም አሴቶን በነካ ጥጥ መጥረግ። ኩቴክሱ ሟሙቶ ይሄዳል፤ እንሶስላው ይቀራል። የውስጥና የላይ ቀለም ልዩነት በአንድ ደቂቃ ይታያል።

ለ) የማስመሪያ ሙከራ። ጥፍሩን ከሥሩ ጀምሮ እንሶስላ ማሞቅና ቀኑን መጻፍ። በየሳምንቱ በሥሩ በኩል የሚወጣውን ያልቀለመ ጥፍር በማስመሪያ መለካት። ከወር በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነጭ ይገኛል። በዚህ ዘዴ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ ስንት ወር እንደ ሆነው ከጥፍሯ ማንበብ ይቻላል። በመዳፏ ላይ ያለው ግን የቆዳው ላይኛ ክፍል እየረገፈ ስለሚሄድ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል።

ሐ) የሰም ሙከራ። ሰም አቅልጦ፣ እንዳያቃጥል ጥቂት ካበረዱ በኋላ፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ በጥፍሩ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስቀለኛ መሥራት፤ ሰሙ ሲደርቅ እንሶስላውን በላዩ መለጠፍ። በነጋው ሰሙ ሲፋቅ ቀለሙ ያልደረሰበት ቅርጽ ወጥቶ ይታያል። ቅኔ የሚማሩ ጓደኞቻችን ሰሙን ገፍፈው ወርቁን ማግኘት ለምደዋልና ይህ ሙከራ አይቸግራቸውም።

መ) የጥለት ሙከራ። በኩቴክስ ለሚሠሩ ደግሞ፦ መጀመሪያ ቀለም የሌለውን መደብ መቀባት፤ ይህ የቀይ ቀለም እድፍ ጥፍሩን ቢጫ እንዳያደርገው ይከላከላል። ከዚያ ነጭ ቀብቶ በደንብ ማድረቅ፤ ስስ የፕላስተር ቁራጮችን በአግድም ለጥፎ በመካከላቸው ቀይ ወይም አረንጓዴ ማስገባት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ማንሣት። የቀሚስ ጥለት የመሰለ መስመር ይወጣል። ነጠብጣብ ለሚፈልግ የመርፌ ቁልፍ ራስ ይበቃል።

6ኛ፤ ማስጠንቀቂያ

ኩቴክስም አሴቶንም እሳት በጣም ይወዳሉ። ቡና እየፈላ፣ ከሰሉ እየተቀጣጠለ ባለበት አጠገብ ጠርሙስ መክፈት አደጋ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ከእሳት ርቆ መሥራት ይገባል። አሴቶን ጥፍርንና ቆዳን ስለሚያደርቅ ከሥራው በኋላ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። የተላጠ ኩቴክስንም በጥርስና በጥፍር መፋቅ አይገባም፤ የጥፍሩን ገጽ አብሮ ያነሣዋል፣ በእጅ ለምንበላም ሰዎች ልጣጩ ከእንጀራው ጋር ይገባል። በልዩ መብራት የሚደርቀው ጄል ደግሞ ቆዳ ሲነካ በአንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያመጣል። «ጥቁር ሒና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የጸጉር ማቅለሚያ የተጨመረበት ነው፤ ቆዳን አቃጥሎ ጠባሳ የሚተው ስለ ሆነ እንድንርቀው እንመክራለን። አዲስ ነገር ሁሉ፣ እንሶስላም ቢሆን፣ አስቀድሞ በትንሽ የክንድ ቆዳ ላይ ይሞከር።

7ኛ፤ መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ጥፍር ማቅለም ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ የመጣው ጠርሙሱ ነው። ስለዚህ ኩቴክስ የቀባችው ልጅ የአያቷን ልማድ በሌላ ዕቃ ቀጠለች እንጂ አገሯን አልካደችም፤ እንሶስላ የሞቀችውም ከኮሪያ እስከ ሐረር የሚሠራበትን ጥበብ ያዘች እንጂ ወደ ኋላ አልቀረችም። በሁለቱም ላይ መሣቅ አለማወቅ ነው።

ሆኖም ሁለቱ በአንድ ነገር አይተካከሉም። የጠርሙሱ አሠራር በፋብሪካው መዝገብ ተጽፏል፤ ጠርሙሱ ቢሰበር ሌላ ይመጣል። የእንሶስላው አሠራር ግን በየቤቱ በእናቶች እጅ ነው ያለው፤ የወንዝ ዳሩ ጥላ ተመንጥሮ ከታረሰና ልጆቹ ሳይጠይቁ ከቀሩ ተክሉም ዕውቀቱም አብረው ይሄዳሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የሩቅ አገር ገጣሚ ሕይወት በዝርዝር የምናጠና ሰዎች ይህን አንድ ገጽ ሳንጽፍ መቅረታችን ደግ አይደለም።

ስለዚህ አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ወደ አገራችን ስንሄድ፣ ወንዶችም ጭምር፣ አንዲት እናት ዘንድ ደብተር ይዘን እንቀመጥ። ሥሩ በስንተኛው ወር ይቆፈራል? ስንት ራስ ለሁለት እጅ ይበቃል? ምን ይጨመርበታል? ስንት ሰዓት ይታሰራል? በምን ይሞቃል? ስንት ሳምንትስ ይቆያል? ብለን ጠይቀን መልሱን ከነአገሩ ስም ጽፈን እናምጣ። የፎገራን እኛ እናመጣለን።