ስለ አንዲት የወደብ ፀሐይ

መምህራችን ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ስለ ክሎድ ሞኔ ሲያስተምሩን የአንድ ሥዕል ፎቶ ኮፒ አደሉን፡፡ ርእሱ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት» ይላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ጭጋግና ጀልባ እንጂ ፀሐይ አልነበረችም፡፡ ጓደኛዬ «ሠዓሊው ፀሐይቱን ረስቷታል» ሲል፣ እኔ የኮፒው ጥፋት ነው ብዬ ተከራከርሁ፡፡ ሁለታችንም ተሳስተን ስለ ነበር የተረዳሁትን ለአንባቢያን ላካፍል ወደድሁ፡፡

ሞኔ ይህን ሥዕል የሣለው የሴን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ባደገበትም በለ አቭር ወደብ ነው፡፡ በሸራው ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 1872 ነው፡፡ ከፊት ትንንሽ ጀልባዎች፣ ከኋላ የመርከብ ምሰሶዎችና የጭስ ማውጫዎች በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ይታያሉ፤ በላያቸው ብርቱካንማ ፀሐይ አለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ1874 ሥዕሉ በፓሪስ ለሕዝብ ሲታይ፣ ሉዊ ለሯ የተባለ ጋዜጠኛ ያላለቀ ሥራ ነው ሲል አፌዘበት፤ ከርእሱም ወስዶ ሠዓሊዎቹን «ኢምፕሬሽኒስቶች» አላቸው፡፡ ለፌዝ የወጣው ስም የክብር ስም ሆኖ ቀረ፡፡

ታዲያ ፀሐይቱ ስለ ምን ጠፋች? በማንኛውም ቀለም ሁለት ነገር አለ፤ ይኸውም መልኩና የብርሃኑ መጠን ነው፡፡ ጥቁርና ነጭ ኮፒ የሚይዘው ብርሃኑን ብቻ ነው፡፡ ሞኔ የፀሐይቱንና የዙሪያዋን ሰማይ ብርሃን እኩል ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ስላቀራረበ፣ መልኩ ሲነሣ ፀሐይቱ ከሰማዩ ጋር ትቀላቀላለች፡፡ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርጋሬት ሊቪንግስተን እንዳስረዱት፣ የነገርን ቦታና እንቅስቃሴ የሚለየው የአንጎላችን ክፍል የሚከተለው ብርሃንን እንጂ መልክን አይደለም፡፡ ስለዚህ መልኳን እያየን ቦታዋን ማጽናት ያቅተናል፤ የምትርገበገብ የምትመስለንም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ነገሩን ለመፈተን በታኅሣሥ ማለዳ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ከሚገኘው ቤታችን ሰገነት ላይ ሆኜ፣ በጭጋግ ውስጥ የምትወጣውን ፀሐይ በስልኬ አነሣሁ፡፡ ፎቶግራፉን ወደ ጥቁርና ነጭ ብለውጠው የእኛይቱ ፀሐይ ከሁሉ ነጥታ ታየች እንጂ አልጠፋችም፡፡ እንግዲህ ሞኔ ያየውን እንዳለ አልገለበጠም ማለት ነው፤ ብርሃኗን ቀንሶ፣ ግለቷን በመልኳ ብቻ አሳየን፡፡

እኔና ጓደኛዬ በአንድ ወረቀት ፊት የለሯን ስሕተት ደግመናል፡፡ ያልገባንን ሥራ ጎዶሎ ነው ከማለታችን አስቀድመን፣ የጎደለው ከእኛ ዘንድ እንደ ሆነ ብንመረምር መልካም ነው፡፡