ደርቲ ካው ያለበትን ሰርቨር መርምሮ የማደስ ሥርዓት

በሊኑክስ ከርነል የማኅደረ ትውስታ አያያዝ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሸሽጎ የኖረው፥ በኦክቶበር 2016 ፊል ኦስተር የደረሰበትና ደርቲ ካው የሚል ስም የወጣለት ጉድለት፥ ምንም እንኳ እርማቱ ወዲያው ቢወጣ፥ ማንም ዞር ብሎ ባላያቸው አሮጌ ሰርቨሮች ላይ ዛሬም ሊገኝ ይችላልና፥ የሰርቨር ዐቃቢ የሆነ ሰው አመረማመሩን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መረዳት ያሻል። ከርነሉ ለንባብ ብቻ የተፈቀደን ፋይል ለብዙ ፕሮግራሞች በአንድ የማኅደረ ትውስታ ገጽ ያካፍላል፤ ከእነርሱ አንዱ ልጻፍበት ያለ እንደ ሆነ ግን ለብቻው ቅጂ ያወጣለታል፤ ይኸውም የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ ጥንታዊውን ብራና እያስነበበ፥ በኅዳጉ ልጻፍ ለሚል ተማሪ ግን ግልባጩን እንደሚሰጥ ነው። አጥቂው ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ያስሮጣል፤ አንዱ ሳያቋርጥ ለመጻፍ ሲሞክር፥ ሁለተኛው ቅጂውን ጣለው እያለ ከርነሉን ይወተውታል፤ ከርነሉ ቅጂውን ሰጥቻለሁ ብሎ ጥበቃውን ባላላበትና ቅጂው በተጣለበት በዚያች ቅጽበት፥ ጽሕፈቱ በዋናው ገጽ ላይ ያርፋል። ተራው ተጠቃሚም የተጠቃሚዎችን መዝገብ ለውጦ የሩትን፥ ማለትም የበላይ አስተዳዳሪውን፥ ሥልጣን ይቀዳጃል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2016 እርማቱን ሲያወጣ፥ ለዚህ ጉድለት መነሻ የሆነውን እክል ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሊያርመው ሞክሮ እንደ ነበረና ያ እርማት በሌላ ችግር ምክንያት እንደ ተሻረ ጽፏል።

እንግዲህ በመጀመሪያ፥ ብዙ ሰዎች የሚገቡባቸውንና ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ድረ ገጾችን የያዙትን ሰርቨሮች አስቀድመህ፥ በእያንዳንዱ ላይ «ዩኔም» የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከአር ፊደል ጋር ጽፈህ በሥራ ላይ ያለውን የከርነል እትም ተመልከት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እርማቱ በ4.8.3፥ በ4.7.9 እና በ4.4.26 እትሞች ይፋ ቢወጣም፥ ኡቡንቱ 16.04 ግን እርማቱን ወደ ራሱ እትም መልሶ ስላስገባ፥ 4.4.0-45 የሚል ቍጥር ያሳየህ ሰርቨር ከ4.4.26 ያነሰ ቢመስልም የታረመ ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩን ከአከፋፋዩ የጸጥታ ማስታወቂያ ጋር እንጂ ከዋናው የከርነል እትም ጋር አታስተያይ።

ጉድለቱ ከተገኘ፥ መጠባበቂያ ቅጂ ያዝ፤ ማሻሻያውንም ጫን። ከዚያም ሰርቨሩን አጥፍተህ አስነሣ፤ ምክንያቱም አዲሱ ከርነል በዲስክ ላይ ቢቀመጥም፥ ሥራውን የሚሠራው ቀድሞ ወደ ማኅደረ ትውስታ የገባው አሮጌው ነው። ሰርቨሬ ሳይጠፋ ዓመታት ቆየ ብሎ መመካት ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ይህን ከትጋት ሳይሆን ከቸልታ እቈጥረዋለሁ። ከተነሣ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ ደግመህ አረጋግጥ።

የ2016ቱ እርማት ራሱ በግዙፍ ገጾች አያያዝ ረገድ ጐደሎ ሆኖ በ2017 ሌላ ማሟያ አስፈልጎታልና፥ የመጀመሪያውን ብቻ ጭነህ አትቁም።

ሰርቨሩ ከመታደሱ በፊት ተጠቅቶ እንደ ሆነ ስትመረምርም፥ ጥቃቱ በሥራ መዝገቦች ላይ ያልተለመደ ምልክት ስለማይተው፥ መዝገቡ ንጹሕ ነው ብለህ አትታለል። የተጠረጠረውን ዲስክ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ ፋይሎቹን ከአከፋፋዩ ንጹሕ ቅጂዎች ጋር አመሳክር፤ ጥርጣሬው ከጸና ግን ሥርዓቱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበት ያልታረመ አሮጌ የአንድሮይድ ስልክም የዚሁ ጉድለት ባለቤት ነው፤ እንዲህ ባለው ስልክ የባንክ ሥራ አትሥራበት፤ ምንጩ ያልታወቀ መተግበሪያም አትጫንበት።