«ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት

የቃል ጽሕፈት ስናስጽፍ «ሰማ» ብንለው «ሸማ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያጋጥመናል። እኛም ቶሎ ብለን «ሰነፍ ነው» እንላለን። ነገሩ ግን ከጆሮው ሊሆን ይችላል።

እንደሚታወቀው ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተቀብለው ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ያሻግሩታል። እዚያ ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ቢሆኑ ነው፤ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም! ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ስለሆኑ፣ ልጁ «አ»ንና «ኦ»ን እየሰማ «ሰ»ና «ፈ» ያመልጡታል። ስሙን ስንጠራው አቤት ይላል፤ እኛም «ይሰማል» ብለን እንተወዋለን። ከኋላው ቆመን በሹክሹክታ ጥቂት ቃላት ብናስደግመው ግን ያስጠረጥራል፤ ያኔ ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ሐኪም መላክ ነው።

መግል የሚፈሰው ጆሮ ሌላ ነው፤ በጊዜ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የክብሪት እንጨት መክተትማ አይነሳ!

የመስሚያ መሣሪያ ድምፅን ያጎላል እንጂ ጆሮን አያድንም። የዴስኩን መንኳኳትና የጎረቤት ክፍልን ጫጫታም አብሮ ነው የሚያጎላው። ስለሆነም መሣሪያ ያደረገውንም ሆነ የሌለውን ልጅ ፊት እናስቀምጠው። ወደ ሰሌዳው ዞረን እየጻፍን አናውራ፤ ከንፈራችንን ማየት አለበት።