ዛፍን በምልክቱ ስለ ማወቅ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ተራራውና ሜዳው በብዙ ስፍራ ተመንጥሯል፤ የዱር ዛፍ የተረፈው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዛፍን ለይቶ ማወቅ የሚወድ ተማሪ ወደዚያ ሄዶ ይመልከት።

የወይራ ቅጠል ጠባብና ሹል ነው፤ ኹለት ኹለት እየሆነ ፊት ለፊት ይበቅላል። ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን ታቹ ግን እንደ ብር ይነጣል፤ ወይም እንደ ወርቅ ይመስላል። ዝግባም ቅጠሉ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን የቅጠሉ ላይና ታች አንድ መልክ ነው። የጽድ ቅጠል ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ደቃቅ ነው፤ በችግኝነቱ ግን እንደ መርፌ ይወጋል። ጽድ በብዙው ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቴዪቱ ናት። እንግዲህ ፍሬ የሌለበትን አይቶ ጽድ አይደለም የሚል ሰው ይሳሳታል። ቅጠሉን፣ ልጡንና ፍሬውን አስተያይቶ የሚናገር ግን እውነቱን ያገኛል።

ይሁን እንጂ ከሽማግሌው ዛፍ ይልቅ ችግኙን ማወቅ ይበልጣል። ከታላቁ ወይራ ሥር የበቀለውን ችግኝ የማያውቅ ሰው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል፤ ከብትም ሲግጠው ዝም ብሎ ያያል። በደቡብ ጎንደር የደብር ደኖችን የመረመሩ ሊቃውንት ከብት በሚገባበት ስፍራ ችግኝ እንደሚያንስ፣ በታጠረበት ግን እንደሚበረክት ተረድተዋል።

ወራሽ የሌለው ሽማግሌ በሞተ ጊዜ ቤቱ ይዘጋል፤ ችግኝ የሌለውም ደን እንዲሁ ነው። ስለዚህ፣ ልጆች ሆይ፣ ለይታችሁ ያወቃችሁትን ችግኝ በእሾህ እጠሩለት፤ የእውቀት ፍሬዋ መጠበቅ ነውና።