ከወረቀቱ ላይ የወረደው ስም

ለዚህ የተባረከ የጁሙዓ ቀን ላደረሰን አላህ (ሱ.ወ) ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የዛሬው ትምህርታችን ዱብቲ ካለው ከራሴ ቤት ይጀምራል።

አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ልጅ ከተወለደችልኝ ሁለት ወር አልፏል። በሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣላት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ቅጹን ይዛ ጠየቀችኝ።

«የልጅቷ ስም?» ነገርኳት።

«የአባት ስም?» የራሴን ነገርኳት።

«የአያት ስም?»

እዚህ ላይ ምላሴ ቀደመኝና የአያቴን ስም ተናገርኩ። መዝጋቢዋ መታወቂያዬን አየት አደረገችና ፈገግ ብላ፦ «እሳቸው እኮ ያንተ አያት ናቸው። የልጅቷ አያት ያንተ አባት ናቸው» አለችኝ።

ልክ ናት። የአባቴን ስም አስጻፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ግን ሆዴ ባር ባር አለ። ያ ስም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በካርዴ ላይ፣ በፈተና ወረቀቴ ላይ፣ በመታወቂያዬ ላይ ሦስተኛ ሆኖ አብሮኝ ኖሯል። በልጄ ወረቀት ላይ ግን ቦታ የለውም። አያቴ ከሞቱ ገና ዘጠኝ ወራቸው ነው፤ ስማቸው ከወዲሁ ከወረቀት ወረደ።

አያቴ የወሎ ሰው ነበሩ። ወደ ዱብቲ የወረዱት በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ያለማ በነበረበት ዘመን ነው። ብዙ ሰው እንደሳቸው ከደጋ ለለቀማ ወርዶ፣ ለቀማው ሲያልቅ ተመልሷል። እሳቸው ግን ቀሩ። ውሃ አጠጪ ሆነው በየቦዩ የአዋሽን ውሃ ወደ ማሳ ሲለቁ ኖሩ። በ1975 እ.ኤ.አ. እርሻው በመንግሥት ሲወረስም፣ ኋላ ማሳው ወደ ሸንኮራ አገዳ ሲዞርም እዚሁ ነበሩ። አፋርኛቸው ከእኔ ይሻል ነበር።

የዱብቲን ሙቀት የማያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ነገር ክብደቱን ላይረዳው ይችላል። በበጋ ሳይሆን በክረምት፣ ደጋው ሲቀዘቅዝ፣ እኛ ዘንድ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አያቴ ከበራችን ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ትልቅ እንስራ ነበራቸው። በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልሉታል። ጣሳ በገመድ አስረውበታል። ከሱብሒ ሶላት መልስ የመጀመሪያ ሥራቸው እሱን መሙላት ነው። ከብት የሚነዳው፣ ከገበያ የምትመለሰው፣ የመኪናው ረዳት፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ማን እንደጠጣ ጠይቀው አያውቁም።

አያቴ ወደ አኺራ ሲሄዱ ባለቤቴ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ልንነግራቸው «ትንሽ ይቆይ» እያልን ቀደሙን። ወንድ ከሆነ ስማቸውን እንደማወጣለት ለራሴ ቃል ገባሁ። አላህ ሴት ልጅ ሰጠን። በዐቂቃዋ ቀን አንድ ዘመዳችን ትከሻዬን መታ አድርጎ፦ «አይዞህ፣ የሽማግሌው ስም በሚቀጥለው ይተካል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ነገር ግን ልጄን እንደ ጎደሎ ነገር ቆጥሮ ማጽናናቱ ከነከነኝ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ውስጤ ትንሽ እንደ እሱ ማሰቡ ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ስም እንነጋገር።

ልጅን በአያት ስም መጥራት መልካም ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ልጃቸው ሲወለድ በአባታቸው በኢብራሂም (ዐ.ሰ) ስም ጠርተውታል። እንዲያውም «ሙሐመድ» የሚለውን ስም ለነብያችን ያወጡላቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ መሆናቸውን የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። አባታቸው ከመወለዳቸው በፊት ሞተው፣ በስድስት ዓመታቸው እናታቸውን ሲያጡ፣ እስከ ስምንት ዓመታቸው በእቅፉ ያሳደጋቸው አያታቸው ነው። አያት በልጅ ሕይወት ውስጥ ያለው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ግን ያ ኢብራሂም የተባለው ልጅ በሕፃንነቱ ሞተ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዐይን አነባ፣ ልባቸው አዘነ፣ አንደበታቸው ግን አላህን የማያስደስት ቃል አላወጣም። ዘራቸውም እስከ ዛሬ የቀጠለው በሴት ልጃቸው በፋጢማ (ረ.ዐ) በኩል ነው። «ሴት ናት፤ ስም አታስጠራም» የሚል ሰው ካለ ይህን ያስታውስ። የሴት ልጃቸው የዘይነብ ልጅ የሆነችውን ኡማማን ተሸክመው ሶላት ያሰግዱ ነበር፤ ሲቆሙ ይሸከሟታል፣ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል። በሰጋጁ ሁሉ ፊት፣ በሶላት ውስጥ፣ ሴት የልጅ ልጃቸውን! እኔ ይህን ሐዲሥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ልጄን በግራ እጄ ይዤ መስገጃ ስዘረጋ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልመለስ።

አያቴ ከሞቱ በኋላ በየጁሙዓው ፎቶአቸውን እለጥፍ ነበር። «አላህ ይማርህ የኔ አባት» እያልኩ። ሰው ልብ ያደርግበታል፣ «አሚን» ይጽፍልኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አያቴን እያስታወስኳቸው እንደሆነ አምን ነበር።

ልጄ አርባ ቀን ሊሞላት ሲል አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ፍየል የሚጠብቅ የአፋር ልጅ ነው፤ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በአፋርኛ «የሽማግሌው ውሃ የለም እንዴ?» አለኝ። ወጥቼ አየሁ። እንስራው ከኒሙ ሥር አለ። ጆንያው ደርቆ ተቀዳዷል። ውስጡ አቧራና ቅጠል ነው። ጣሳው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሽማግሌውን ታውቃቸዋለህ?» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ስማቸውን አላውቅም። ውሃቸውን ነው የማውቀው» አለኝ።

ከቤት ውሃ አምጥቼ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በየሳምንቱ ፎቶ ስለጥፍ፣ የሳቸው ሰደቃ ግን በሬ ላይ ደርቆ ከርሟል። በየቀኑ ስወጣ ስገባ አልፌዋለሁ። ስማቸውን አጥብቄ ይዤ ሥራቸውን ጥያለሁ። ያ ልጅ ደግሞ ስማቸውን ሳያውቅ ሥራቸውን ፍለጋ መጣ።

በዚያው ሳምንት ጁሙዓ ሱረቱል ከህፍን ስቀራ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ታሪክ ላይ ስደርስ ማለፍ አቃተኝ።

ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ኸዲር (ዐ.ሰ) ወደ አንዲት ከተማ ደረሱ። ምግብ ጠየቁ፤ የከተማዋ ሰዎች አናስተናግድም አሉ። እዚያው ከተማ ውስጥ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ፤ ኸዲርም ያለ ምንም ክፍያ አቃኑት። ሙሳ ተገረሙ። ምስጢሩ የተገለጠው በኋላ ነው። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር፤ ከሥሩም የእነሱ ሀብት ነበረ። አባታቸው ሷሊህ ሰው ስለነበር፣ ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን እስኪያወጡ ድረስ አላህ ጠበቀላቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሙፈሲሮች ከጠቀሷቸው አባባሎች አንዱ፣ ይህ «አባት» የተባለው ሰው የልጆቹ ሰባተኛ አያት ነው የሚል ነው፤ አላህ ይበልጥ ያውቃል። በእኛ አገር ሰባት ቤት መቁጠር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እናውቃለን። ማንኛችን ነን ሰባተኛ አያታችንን ያየን? እሱስ እኛን መች ያውቀናል? ነገር ግን የአንድ ሰው መልካምነት ያላያቸው ልጆች ዘንድ ደርሶ ግድግዳቸውን ያቆማል። ነብይ ተጉዞ፣ ተርቦ፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራላቸው ያደርጋል።

ሌላም ነገር አለ። ቁርኣን ውስጥ የዚህ ሰው ስም አልተጠቀሰም። የልጆቹም ስም አልተጠቀሰም። የተነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሷሊህ እንደነበረ። ስሙ ለእኛ አልደረሰንም። ሥራው ግን አላህ ዘንድ አልጠፋም፤ በየጁሙዓውም ሚሊዮኖች ያነቡታል።

ወንድሜ፣ እህቴ! የምትወዷቸውን አያት አጥታችሁ ከሆነ፣ ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው?

አንደኛ፦ ማልቀስ ነውር አይደለም። ናፍቆትም የእምነት ድክመት አይደለም። ናፍቆቱ ግን ሥራ ይውለድ። ሰው ሲሞት ሥራው እንደሚቋረጥ፣ ሦስት ነገር ግን እንደሚቀርለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፦ የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት ሷሊህ ልጅ። ፎቶ ከሦስቱ ውስጥ የለም። መለጠፉ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ እሱ ብቻውን እንዳያታልለን ነው።

ሁለተኛ፦ አያታችሁ የጀመሩትን ፈልጉ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው ሲሞቱ የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ነብያችንን ጠየቁ፤ መልሱ ውሃ ነበር። ሰዕድም በእናታቸው ስም ጉድጓድ ቆፈሩ። የግድ ጉድጓድ አይደለም። አንድ እንስራ ይሆናል። አያትህ ይጎበኙት የነበረ በሽተኛ ይሆናል። አያትሽ ትመግባት የነበረች ጎረቤት ትሆናለች። ያልተከፈለ ዕዳ ካለባቸው ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ክፈሉ።

ሦስተኛ፦ ወዳጆቻቸውን አትርሱ። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ወደ መካ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ የገጠር ሰው አገኙ። የሚቀመጡበትን አህያና የራሳቸውን ጥምጣም ሰጡት። ባልደረቦቻቸው ይህ በትንሽ ነገር የሚደሰት ሰው ነው ቢሏቸው፣ አባቱ የአባቴ ወዳጅ ነበር ብለው መለሱ፤ ወላጅን ከማክበር ትልቁ የወላጅን ወዳጅ መጠየቅ መሆኑን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውንም ነገሯቸው። የአያታችሁ ጓደኛ አሁንም መስጂድ የመጀመሪያው ሶፍ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ እጃቸውን ጨብጡ።

አራተኛ፦ በአያት መኩራት ብቻውን አያሻግርም። ሥራው ወደ ኋላ ያስቀረውን ሰው ዘሩ ወደ ፊት እንደማያደርሰው ነብያችን አስጠንቅቀዋል። ጎሳ በሚቆጠርበት አገር ለምንኖር ወጣቶች ይህ ከባድ ቃል ነው። የሷሊህ ሰው የልጅ ልጅ መሆን ኒዕማ ነው፤ ግን ተራው የእኛ ነው።

አምስተኛ፦ ሕፃን ያላችሁ፣ የምታወርሱትን ከአሁኑ ምረጡ። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን የጠየቁት ስለ ከብትና ስለ መሬት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላ ማንን ትገዛላችሁ ብለው ነበር። ልጆቹም የአባቶቻቸውን የኢብራሂምን፣ የኢስማዒልንና የኢስሐቅን አምላክ እንደሚገዙ መለሱ። የአያቶች ስም በዚያች ሰዓት የተጠራው ከተውሒድ ጋር ነው።

ልጄ ሌሊት ታለቅሳለች። በሙቀቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ግቢ አውጥቼ ነው የማስተኛት። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ወጥታ «ምንድን ነው የምታንጎራጉረው?» አለችኝ። አላስተዋልኩትም ነበር። «ላ ኢላሃ ኢለላህ»ን ቀስ እያልኩ፣ በአንድ ዜማ፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ እላለሁ። ያንን ዜማ ማንም አላስተማረኝም። አያቴ እኔን፣ ከእኔ በኋላም ታናናሾቼን ያስተኙበት የነበረው ነው።

ልጄ ስማቸውን ከወረቀቷ ላይ አታገኘውም። ፊታቸውንም በዚህ ዓለም አታየውም። በሱረቱ ጡር ግን አላህ ላመኑትና ልጆቻቸው በእምነት ለተከተሏቸው ሰዎች ቃል ገብቷል፤ ልጆቻቸውን ከእነሱ ጋር ያገናኛቸዋል፣ ከሥራቸውም ምንም አያጎድልባቸውም። እኛም በዚህ ተስፋ እንኖራለን።

እንስራውን አጠብኩት፤ ጆንያውን ቀየርኩ። አሁን ከሱብሒ በኋላ የምሞላው እኔ ነኝ፤ ልጄ ከነቃች በአንድ እጄ ይዣት። ያ ፍየል ጠባቂ ልጅ ሁለት ጊዜ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። አሁንም «የሽማግሌው ውሃ» ነው የሚለው። አላረምኩትም።

ያ አላህ! አያቶቻችንን ማርልን፤ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ ብርሃን አድርግላቸው። የጀመሩትን መልካም ሥራ የምናስቀጥል እንጂ የምናደርቅ አታድርገን። ልጆቻችንን፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም፣ የዐይን ማረፊያ አድርግልን። እኛንም፣ ስማችን ከተረሳ በኋላ እንኳ መልካም ሥራችን ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ሷሊሆች አድርገን። በጀነተል ፊርደውስ ሁላችንንም ሰብስበን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን መቅራት፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። ዱዓ ስታደርጉም፣ ከወረቀታችሁ ላይ የወረደውን አራተኛውን ስም ጨምራችሁ ጥሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።