በጉዞ መካከል ያለች ቀን

ቅድመ ንባብ፦ መንገደኞች መጓጓዣ ሲጠብቁ ጊዜያቸውን እንዴት ሲያሳልፉ አይታችኋል? በክፍላችሁ ውስጥ ተወያዩበት። ከዚያም የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የገዳሪፍ ሰዎች ስለ ከተማቸው ስም አመጣጥ የሚተርኩት አንድ ወግ አለ። ቀድሞ በስፍራው ይቆም የነበረው ገበያ ሊበተን ሲል «የጨረሰ ይሂድ» የሚል የዐረብኛ ጥሪ ይሰማ ነበር፤ ይህም ጥሪ ሲውል ሲያድር ተለውጦ የከተማዋ ስም ሆነ ይባላል። ወጉ እውነትም ይሁን የኋላ ፈጠራ፣ ለአካባቢው ጠባይ የሚስማማ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ በገላባትና በገዳሪፍ በኩል እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋው አገር ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ፣ የተሳላሚና የስደተኛ መተላለፊያ በመሆኑ፣ ጉዳዩን የጨረሰ የሚሄድበት፣ ያልጨረሰም ተራውን የሚጠብቅበት ሆኖ ኖሯል።

ከጠባቂዎቹ መካከል ቆይታቸው እጅግ የረዘመው ተክሩሮች ናቸው። ተክሩር የሚባሉት ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው የምዕራብ አፍሪካ ምድር ተነሥተው፣ ሰፊውን አገር በእግር አቋርጠው ለሐጅ ወደ መካ የሚጓዙ ሙስሊሞች ነበሩ። ስንቃቸው መንገድ ላይ ያልቅ ስለ ነበር፣ ባሕሩን የሚሻገሩበትን ዋጋ እስኪያጠራቅሙ ድረስ በዚሁ አካባቢ እያረሱ፣ ጥጥ እየለቀሙና እየነገዱ ይቆያሉ። የአንዳንዱ ቆይታ ወራት፣ የአንዳንዱም ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ጨርሶ የቀረም ብዙ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. ገላባት ሲደርስ ያገኛት፣ የደመቀ ገበያ ያላትና የተክሩር ሼኽ የሚያስተዳድራት ከተማ ሆና ነው። ሼኹም በሁለት ኃይሎች መካከል ስለ ነበሩ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ለማለፍ የመጡ ሰዎች በመጠበቂያ ጊዜያቸው ከተማ አቆሙ ማለት ነው።

የዛሬው የአየር መንገደኛ የሚጠብቀው በዓመት ሳይሆን በሰዓት ነው። ከአንድ መጓጓዣ ወርዶ ሌላውን እስኪሳፈር ያለው ጊዜ፣ በተለምዶ ትራንዚት የሚባለው፣ ለብዙ ሰው የባከነ ጊዜ ይመስላል። ወንበር ላይ ተጋድሞ ሰዓቱን እየደጋገመ ከማየት በቀር ሌላ ሥራ ያለ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ከገዳሪፍ ተነሥቶ በፖርት ሱዳን በኩል የሚያልፍ ሰው፣ አስቦ ከተጠቀመበት፣ ይህን ጊዜ የጉዞው ምርጥ ክፍል ሊያደርገው ይችላል።

ከገዳሪፍ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በከሰላ በኩል ያልፋል። የባቡር ሐዲዱ ከባሕሩ አቅጣጫ መጥቶ በ1924 እ.ኤ.አ. ከሰላ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገዳሪፍ ደረሰ፤ በኋላም አብዛኛውን ሥራውን የአስፋልቱ መንገድ ወሰደው። ርቀቱ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በረራ እንዳያመልጠው የሚሰጋ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ አይፈረድበትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በተዘጋ ጊዜ፣ የፖርት ሱዳን ማረፊያ የአገሪቱ ዋና የአየር በር ሆነ። ያን ጊዜ በከተማዋ ከነበሩት ጠባቂዎች ብዙዎቹ ቀኑ የታወቀ ቲኬት በእጃቸው አልነበረም፤ ቤታቸውን ጥለው የወጡና የሚያሻግራቸውን መርከብ የሚጠባበቁ ነበሩ። ማረፊያውም ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በድሮን ተመትቶ በረራ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጸጥታው ነው። ምክንያቱም በሰላም ቀን ጠቃሚ የሆነ ምክር በጦርነት ቀን አደጋ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። ከማረፊያው ወጥቶ ለመዘዋወር ፈቃድ ማግኘቱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ያሉትን ሰዓቶች ይቈጥራል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ቢኖረው፣ ለፍተሻና ለሻንጣ ሁለት፣ ተመልሶ ለመመዝገብ ሦስት ሲቀነስ ስድስት ይቀረዋል። ከስድስቱ አንዱን ለመኪና ብልሽት ካስቀመጠ፣ በእርግጥ የእርሱ የሆነው አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። ሱዳን ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቷን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች። በፖርት ሱዳን ቲኬት ላይ 20፡00 ተብሎ የተጻፈው፣ የመተማ ሰው በእጁ ባሰረው ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት የመሰለው ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህም ከመሰልቸት በቀር ጉዳት የለውም። የሱዳንን ሰዓት እንደያዘ አዲስ አበባ ላይ በረራ የሚጠብቅ ሰው ግን አውሮፕላኑ ጥሎት ይሄዳል።

በአምስት ሰዓት ውስጥ ፖርት ሱዳንንም ስዋኪንንም አያለሁ ብሎ የሚጣደፍ፣ ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳል። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ፣ በስዋኪን አቅጣጫ የሚገኝ ስለሆነ፣ ጊዜ ያጠረው ሰው ስዋኪንን ቢመርጥ ይሻለዋል። ስዋኪን በጠባብ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ያለች ክብ ደሴት ስትሆን፣ ከየብስ ጋር የሚያገናኛት በሰው እጅ የተሠራ መሸጋገሪያ ነው። ለብዙ ዘመናት የምሥራቅ ሱዳን ዋና ወደብ ነበረች፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎችም በእርሷ በኩል ያልፉ ነበር። ቤቶቿ የተሠሩት ከኮራል ነው። ኮራል በባሕር ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት ከአጽማቸው የሚገነቡት ድንጋይ ሲሆን፣ በየጊዜው ካልተለሰነና ካልታደሰ ይፈርሳል። እንግሊዞች ሰርጡ ለትልልቅ መርከቦች ጠባብ ሆኖ ስላገኙት በሰሜን በኩል ፖርት ሱዳንን መሠረቱ፤ አዲሱም ወደብ በ1909 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ነጋዴዎቹ ወደዚያ ሲሄዱ የሚለስንና የሚያድስ ሰው ጠፋ፤ ፎቆቹም ያለ ጦርነትና ያለ እሳት ተራ በተራ ተደረመሱ። ዛሬ በደሴቲቱ ላይ ከታደሱት መስጊዶችና ከጥቂት ሕንፃዎች በቀር የሚታየው የነጭ ድንጋይ ክምር ነው።

በፖርት ሱዳን ለመቆየት የመረጠ መንገደኛ ደግሞ በባሕሩ ዳር ተቀምጦ ቡና ሊጠጣ ይችላል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቤጃዎች ቡናን ዝንጅብል ጨምረው ያፈላሉ፤ ማፍያውም መጠጡም «ጀበና» ይባላል። ኢትዮጵያዊ ዐረብኛ ባያውቅ እንኳ በዚህች ቃል ይግባባል። የሚጠጣውን ውሃ ግን ማባከን የለበትም። ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ከአርባዓት ሸለቆ ሲሆን፣ የዚያ ግድብ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በጎርፍ ተደርምሶ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ እኩለ ቀን ላይ በእግር መዞርም አይመከርም።

ከዚያ ባሕር ዳር ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ማዕበሉን እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይም። ከሥሩ የምትገኘው መርከብ በፖርት ሱዳን ከቆሙት መንገደኞች ሁሉ ታሪኳ ለኢትዮጵያ የቀረበው ነው። በ1932 ዓ.ም. ኡምብሪያ የተባለች የኢጣሊያ መርከብ ከ360 ሺህ በላይ ቦምቦች፣ ሲሚንቶና ሌላም ዕቃ ጭና በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ምጽዋ ትጓዝ ነበር። ኢትዮጵያ በፋሽስት ወረራ ሥር፣ አርበኞችም በየጫካው በተጋድሎ ላይ ነበሩ። እንግሊዝና ኢጣሊያ ገና ጦርነት ስላልገጠሙ እንግሊዞች ጭነቱን በግልጽ ሊወርሱት አልቻሉም። ጦርነቱ እንደማይቀር ግን ያውቁ ስለ ነበር፣ በፍተሻ ሰበብ መርከቧን ከፖርት ሱዳን ፊት ለፊት ባለው የኮራል ድንጋይ አጠገብ አቆሟት። ወታደሮች ተሳፈሩባት፤ ፍተሻውም ተጓተተ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬዛን በክፍሉ ሆኖ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ አገሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጦርነት እንደምትገባ ሰማ። እንግሊዞቹ ገና አልሰሙም። እርሱም ባሕረኞቹን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ሊያሠራ እንደሚፈልግ ነግሮ አስፈቀደ፤ ሰዎቹ ወደ ጀልባ ሲወርዱ መርከቧ ከሥር ውሃ እንድታስገባ አስቀድሞ አዝዞ ነበር። ወታደሮቹ ነገሩን ሲረዱ መርከቧ መስጠም ጀምራ ስለ ነበር ሁሉም ነፍሳቸውን ይዘው ወረዱ። እንግሊዞቹ ቆይታውን ለማጓተት ተጠቀሙበት፤ ካፒቴኑም ጭነቱ በጠላቱ እጅ እንዳይወድቅ ተጠቀመበት። ሰኔ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ከሰላንና ገላባትን ሲይዝ፣ የኡምብሪያ ቦምቦች ከባሕር በታች ነበሩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ጠላቂ ዋናተኞች ወርደው ያዩአቸዋል፤ አይነኳቸውም።

መልመጃ አንድ
ከምንባቡ በመነሣት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ተክሩሮች በገላባትና በገዳሪፍ አካባቢ ይቆዩ የነበሩት ስለ ምን ነበር?
2. የስዋኪን ቤቶች ያለ ጦርነትና ያለ እሳት የፈረሱበትን ምክንያት አስረዱ።
3. እንግሊዞች ኡምብሪያን ወዲያው ያልወረሷት ለምንድን ነው?
4. አንድ መንገደኛ በፖርት ሱዳን የዘጠኝ ሰዓት ቆይታ ቢኖረው፣ በምንባቡ አቈጣጠር መሠረት በእርግጥ የእርሱ የሚሆነው ስንት ሰዓት ነው?

መልመጃ ሁለት
የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
ወግ፣ ስንቅ፣ ሰርጥ፣ ተለሰነ፣ ሰበብ፣ ተጓተተ